የሙቱንጎው መልእክት

ኪሴ ውስጥ ስልክ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልቤ ዛሬም ይደነግጣል። ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ አውጥቼ ካላየሁት እረፍት የለኝም። ምን ልበልህ፣ ይህ የጀመረኝ ያኔ፣ ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር፣ እናቴ ሱቅ ውስጥ ነው።

አባቴ አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበር። ካምፓላ ከመጣን በኋላ ግን ሁሉ ነገር ስልክ ሆነበት፤ መክፈሉም፣ ቀጠሮውም፣ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ መጥራቱም። “ያን ሁሉ ልጅ ፊደል አስቆጥሬ በስተርጅና ማይም ልሁን?” ይል ነበር፣ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ እየደበደበ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ አልታማም፤ ከአማርኛ ፊደል ግን የማውቀው የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ነበር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ሰለቸኝና ተውኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቱንጎ የሚባል ሰፈር ለቅሶ ሊደርስ ብቻውን ወጣ። ስኳር አለበት። “ምሳህን ሳትበላ?” አለችው እናቴ። “እዚያ እቀምሳለሁ” ብሎ ቦዳ ላይ ወጣ።

ሰማዩ ጠቁሮ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

“ለጀ መነገደ ጠፈበኘ። ሐየቀ የተየኘለ። ቀየ በረ አጠገበ ነኘ።”

ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ለመተርጎሚያው አፕ ብሰጠው የማይረባ ነገር መለሰልኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ክንዴን ጨምድዳ “ምን አለ? ምን አለ?” ትለኛለች። ጮክ ብዬ አንድ በአንድ ጠራሁት።

“ለ… ጀ…”

“ልጄ! ልጄ ነው ያለሽ!” ብላ ጮኸች።

ለካ አባቴ ስልኩ ላይ ፊደሉን ማርባት አልቻለበትም፤ ሁሉንም በግዕዙ ነው የጻፈው። እኔ ድምፁን፣ እሷ ቃሉን እያወጣን ጨረስነው፤ መንገድ ጠፍቶት ኖሯል።

“ኒያቦ፣ ሙቱንጎ የቱ ጋ?” አለኝ ሮጬ ወጥቼ ያስቆምኩት የቦዳ ነጂ፤ እመቤት ማለቱ ነው።

“ሐይቁ የሚታይበት፣ ቀይ በር ያለበት።”

ስንት ቀይ በር አለፍን! ዝናቡ ፊቴን እየገረፈኝ፣ ዳገቱን ስንዞር፣ ስንመለስ፣ ደግሞ ስንዞር… በመጨረሻ አንድ አጥር ሥር ተቀምጦ አየሁት። በዝናብ መሀል እንኳ ላቡ ይታወቅ ነበር፤ ስኳሩ ወርዶበታል። ሮጬ ለስላሳ ገዛሁና አጠጣሁት። ቀስ በቀስ ዓይኑ ተገለጠ።

“አነበብሽው?”

“ከእማዬ ጋር።”

ሳቀ። ወዲያው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። “እንደዚያ ተሰባብሮ ስልከው አፍሬ ነበር” አለ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ፊደሉን ስልክ ላይ ማርባት ለመደ፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ገበታውን ጨረስኩ።

አሁን ስኳሩ ዓይኑን ወስዶበታል። መልእክት ሲመጣ ስልኩ ራሱ እንዲያነብለት አስተካክዬለታለሁ፤ አጥርቶ ነው የሚያነበው። እናቴ እንደምትነግረኝ ግን አይከፍተውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ “ልጄ እስክትመጣ ይቆይ” ይላል።

እኔም ከሥራ እየተጣደፍኩ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አነብለታለሁ። እየተቻኮልኩ አንዷን ፊደል ስስት፣ ሳያይ ያርመኛል።