የእትዬ ዘውዴ ቅባትና የእኔ ቅልጥም

መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀት ነው። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ቀኝ ቅልጥሜን ጭሮኝ ደሙን አብሼ ትቼው ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ስነካው ዙሪያው ቀልቶ ይፋጃል። ከሰዓት በኋላ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆንሁ እግሬን እንድጠብቅ ከተነገረኝ ቆይቷል። ልጄ ምሕረት ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ እንሂድ አለችኝ። ልብሴን ስለብስ እትዬ ዘውዴ ሊጠይቁኝ መጡ።

እትዬ ዘውዴ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቅቤ፣ ማርና የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ለውሰው የሚሠሩት ቅባት ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ ስም አለው።

«ሐኪም ቤት ምን ልትሠሪ? ሄደሽ እንዲቆርጡሽ ነው?» አሉና ብልቃጡን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። «ይሄ የስንቱን እግር አትርፏል! ዘርጊ!»

ዘረጋሁ። በእኛ ቤት የባል ታላቅ እህት ዘርጊ ስትል ይዘረጋል።

ነገሩ በእሳቸው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የታመመ መጠየቅ ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የመጣው ጎረቤት ሁሉ «እስቲ ልየው» እያለ የታሰረበትን ጨርቅ ፈታ። አንዷ ሬት ጨመረችበት። ሌላዋ «ቅቤማ ያመረቅዛል» ብላ ጠርጋው የራሷን ዘይት ቀባች። እትዬ ዘውዴ ተመልሰው ዘይቱን አብሰው ቅባታቸውን መለሱበት። በእኔ ቁስል ሲከራከሩ የእኔን ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም። ምሕረት በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ይብቃ» ስትል «የዛሬ ልጅ!» ይሏታል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እግሬን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ቁስሉ መገለ። ሸተተ። ቅላቱ ወደ ጉልበቴ ወጣ። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት አበጠ። አንቀጠቀጠኝ። ምሕረት ማንንም አላስፈቀደችም፤ ታክሲ ጠራች። እትዬ ዘውዴም «እኔ ሳልኖር የትም አትሄድም» ብለው ተሳፈሩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጓንት አጥልቃ ቅባቱን በጎዝ ስትጠርግ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«እማማ፣ ይህን ማን ቀባዎት?»

«እኔ ነኝ። ባልቀባው ይብስባት ነበር» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«የሚብሰው እንግዲህ ይሄ ነው፣ እማማ።»

ሴሉላይተስ ነው፤ ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚስፋፋ ኢንፌክሽን ነው አለች። ስኳሬም ከፍ ብሏል። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ከገባ እግሬን ላጣ እንደምችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። አልጋ ያዝሁ። ቁስሉ ተከፍቶ መግሉ ወጣ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተሰጠኝ።

ቅላቱ መሸሽ ሲጀምር ነርሷ ቁስሉን በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውኃ፣ እያጠበች በንጹሕ ጎዝ ትሸፍነው ነበር፤ ከሥሩም ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ቀስ እያለ ሞላ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ፋሻ ለማስቀየር በሄድሁ ቁጥር እትዬ ዘውዴ በሚኒባስ አብረውኝ እየሄዱ፣ የነርሷን እጅ በዓይናቸው እየተከተሉ፣ «ትንሽ ማር ቢነካው ምናለ?» እያሉ አሰለቹኝ። በመጨረሻ ሐኪሟን ራሳቸው ጠየቋት።

«ወጥ ቤት የተቀመጠ ማር ለእንዲህ ያለ ቁስል ንጹሕ አይደለም፤ ቅቤው ደግሞ ቆሻሻውን አፍኖ ያስቀረዋል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ደረቅ ቆዳዋን ይቀቧት» አለቻቸው።

አኮረፉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ከእኔ ቀድመው ታክሲ ተራ ቆመው አገኘኋቸው።

ሐኪሟን፣ ነርሷንና ምሕረትን አመሰግናለሁ። እትዬ ዘውዴንም አመሰግናለሁ፤ ለቅባቱ ሳይሆን አብረውኝ ስለተመላለሱ። እንደ እኔ ስኳር ያለባችሁ፣ ትንሽም ጭረት ብትሆን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ለሐኪም አሳዩ። ቅላቱ ከሰፋ ወይም ካተኮሳችሁ አንድ ሌሊት እንኳ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠያቂ ሲመጣ ወንበር አቅርቡለት፤ ፋሻውን ግን አትፍቱለት።