ከእንግዳ የተረፈ ሸንኮራ

የልጅ ልጄ ሸንኮራ አገዳ የምታበቅለው ቤተ ሙከራ ውስጥ በጠርሙስ ነው። አፈር የለ፣ ማረሻ የለ፤ ከአገዳው ጫፍ ቅንጣት ታህል ቆርጠው ጠርሙስ ውስጥ ያኖሯታል፣ እሷም እየተራባች ትሄዳለች። ይህን ስታስረዳኝ ሳቄ አመለጠኝና ተቀየመችኝ። በሥራዋ መሳቄ አልነበረም። ጫፍ የሚለውን ስሰማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አማቴ ትዝ ብለውኝ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ከሞጣ ቢቸና ተዳርኩ። አባቴ ከሞጣ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ሸንኮራ ነበረው። ቀይ ነው፤ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ እንኳ አይቸገርበትም። ዘሩን ከአባቱ ነው የወረሰው። እኔ ከመዳሬ በፊት በነበረው ክረምት ግን ወንዙ ሞልቶ ማሳውን ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደው።

ለፋሲካ ልጠይቀው ስሄድ ከዳር የተረፉትን ጥቂት አገዳዎች ቆርጦ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለና በቅሎዬ ላይ ጫነልኝ። “እኔ ዘንድ ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው። በአንጓ በአንጓው ቆርጠሽ ትከዪው። ከያዘልሽ ዘሩን ትመልሽልኛለሽ፤ ካልያዘም እንግዲህ አበቃ” አለኝ። ሲናገር ወደ ወንዙ እንጂ ወደ እኔ አያይም ነበር። ደብረ ወርቅ እስክደርስ አለቀስኩ።

ቢቸና በገባሁ ማግስት ጆንያውን ቤት ትቼ ከምንጩ ሥር ለመትከያ የሚሆን ቦታ ለማየት ወረድኩ። ያልገመትኩት ነገር ቢኖር አማቴን ነው። ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣችውን ጎረቤት ሊቀምሰው ግድ ነው፤ የደበቀች አማት ስሟ ይጠፋል። የእኔ አማት ደግሞ ስማቸው ከሚጠፋ ቤታቸው ቢቃጠል የሚመርጡ ሴት ነበሩ። ስመለስ ግቢው ሙሉ ሰው ሸንኮራዬን ይመጥጣል። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ጢማቸው ረጥቧል። “የአባትሽን እጅ ይባርከው!” ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። እንደዚያን ቀን አሜን ማለት መርሮኝ አያውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ አባቴ ለዘር የሰጠኝ ነው እያልኩ አማቴ ላይ አለቀስኩባቸው። እሳቸውም ደጃፉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

“ስንቅ መስሎኝ እኮ ነው ልጄ። ዘር መሆኑን ብትነግሪኝ ለማን እሰጥ ነበር?”

ብድግ አሉና ወደ ላሚቱ ሄዱ። ጫፉ ጣም ስለሌለው እየተቆረጠ ለሷ ተጥሎላት ነበር። አንዱን በግድ ከአፏ መንጭቀው፣ የቀረውን ከእግሯ ሥር ለቃቅመው መጡ።

“ይኸውልሽ፣ ይሄም አንጓ አለው።”

“ጣም የሌለው ነገር ምን ያበቅላል እማማ?” አልኳቸው። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

ጫፎቹን በነጠላቸው ቋጥረው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኳቸው። በቦይ በቦይ አስተኝተን አፈር አለበስናቸው። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ መንገዳቸው በምንጩ ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጠዋት መጡና እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ከአፈሩ ጦር ጦር የመሰለ አረንጓዴ ወጥቷል። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እሳቸውን አቅፌ ሳምኳቸው። በኅዳር ውርጭ የጤፍ ጭድ አለበሱት፤ ጭዱ ሲያልቅ ጋቢያቸውን ደረቡለት።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ሸንኮራውን ጭነን አብረን ሞጣ ሄድን። መንገዱን ሙሉ፣ “የእንግዳውን ነገር ለአባትሽ እንዳታነሺ፣ አደራ” ሲሉኝ ነበር።

ወንዙ ለአባቴ ደለል መልሶለት ነበር። ጆንያውን ፈቶ ቀዩን አገዳ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንጓዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

“ምኑን ተክላችሁ ነው እንዲህ ያማረላችሁ?”

“ጫፉን” አልኩት።

“ማን ነገራችሁ? እኔም የምተክለው ጫፉን ነው፤ ቶሎ የሚነቃው እሱ ነው። ሳልነግርሽ መቅረቴ ሲቆጨኝ ነው የከረመው።”

ወደ አማቴ አየሁ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

“እንግዳ በዝቶብን ነው” አሉ።

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን እንባውን ሳይጠርግ ይስቅ ጀመር። ከዚያም ቢላዋውን አንስቶ መሐል መሐሉን ለአማቴ ላጠላቸው፤ ጫፎቹን ለራሱ አስቀረ።