ጨው ያበቀለ ደረጃ

እስቲ ይህን ደረጃ እዩት። ዓረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር ያለ የባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ነው። እብነበረዱ ታጥቦ ሲደርቅ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ለዚህ ጥፋተኛ የተባለው ማን ነው? ግንበኛው? ባለሀብቱ? ኧረ ወዲያ! አጣቢዋ ቀፀላ ናት።

ቀፀላ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ የየሕንፃውን ደረጃ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ደረጃ ከላይ ወደ ታች ስታጥብ እንከን አልወጣላትም። ዘንድሮ ግን የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማዳም ጆርጀት ጣቷን እብነበረዱ ላይ አሽታ የያዘላትን ነጭ ዱቄት አሳየቻት።

«ሳሙናውን አታለቀልቂውም ያኒ! እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ኸላስ፣ አበቃ፤ ሌላ ሴት እናመጣለን።»

ቀፀላም አመነች። ማዳም ከተናገረች የእኛ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው፤ አይ ይሄ አመል! ሳሙናውን ቀነሰች፣ ሁለቴ ሦስቴ አለቀለቀች። ባለቀለቀች ቁጥር ደረጃው ባሰበት።

ሐሙስ ዕለት ባልዲውን ስታነሳ ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ። ከንፈሯን ላሰች። ጨው!

«አባስ!» ብላ የሕንፃውን ዘበኛ ጠራችው። «ባሕሩን ነው እንዴ የምትቀዳልኝ?»

አባስ ሳቀ። «ከጉድጓዳችን ነው የቀዳሁልሽ። ያ ማዶ የነበረው የሎሚ አትክልት ቦታ አሁን የት አለ? አሥራ አምስት ፎቅ ሊያቆሙበት ቆፍረውታል። ጨው የሌለውን የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየመጠጡ መንገድ ላይ ይደፉታል፤ ባሕሩ ደግሞ በሥር ወደ ጉድጓዳችን ይገባል። አዲሶቹ ሕንፃዎችም ሁሉም የየራሳቸውን ጉድጓድ ቆፍረዋል።»

«ታዲያ እኔ ስሰደብ ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቱን ነው። ሎሚው ሲቆረጥስ ማን ተጠየቀ?

ቀፀላ ውሃውን ጥቁር ትሪ ላይ አፍስሳ ጣሪያው ላይ ለፀሐይ ሰጠችው። ቅዳሜ ኮሚቴው መግቢያው ላይ ሲሰበሰብ ትሪውን ይዛ ወረደች። ውሃው ተኖ ነጭ ቅርፊት ቀርቷል።

«ማዳም፣ ቅመሺው» አለች፣ ትሪውን እያቀረበችላት። «ሳሙና ከሆነ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

ማዳም ጆርጀት በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ። «በዚህ ነው የምንታጠበው?»

«በዚሁ ነው። የምታመጪያትም ሴት የምታጥበው በዚሁ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ ደግሞ ሰላጣው ጨው በዛበት እያልኩ ሚስቴን ስጨቀጭቅ ከረምኩ!» ቢሉ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሌላዋን ሴት ነገር ያነሳ የለም። የግንባታው ፓምፕ እንዲቆም ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ተጻፈ።

«ያላ ቀፀላ፣ አንቺም ፈርሚ» አለቻት ማዳም ጆርጀት።

«መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት ፊርማ ወረቀቱን ያበላሽባችኋል። እናንተ ፈርሙ፤ እኔ ደረጃ የማጥብባቸውን ሕንፃዎች ነዋሪዎች ሁሉ ውሃቸውን አስቀምሳለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ሌላ ሕንፃ ገብታ ማስቀመሱን ጀመረች። ያንን የግንባታ ጉድጓድ ለብቻዋ አትደፍነውም፤ አፏን ግን ማንም አይደፍነውም። እናንተ መታወቂያችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ደጃችሁ ሲደርስ እባካችሁ ፈርሙ።