ጥፋቱ የበርበሬው አልነበረም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። ቁጣዬን፣ ትዕቢቴን፣ ሐሜቴን። ይህችን አንዷን ግን ሁልጊዜ እዘላት ነበር። መስቀል ተሳልሜ ስወጣም እንደዘለልኳት አውቅ ነበር። ዛሬ ለእናንተ ለማኅበራችን ሰዎች እጽፋታለሁ፤ ውሸቱን የሰማችሁት እናንተ ናችሁና።

ቶሮንቶ በመጣን ሰሞን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ወገቤ ተጎዳ። ከሥራ እንዳልቀር የሕመም ማስታገሻ ክኒን መዋጥ ጀመርኩ። በጾምም ዋጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቆይ ውሃ የቀመሰውን ሁሉ የምገሥጽ እኔ፣ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ በባዶ ሆዴ ክኒን እውጥ ነበር። ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ታመመ መባልን ነው የጠላሁት።

ሆዴ ሲቃጠል ብቻዬን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መርምሮኝ፣ ጨጓራዬ እንደቆሰለ፣ ያቆሰለውም በባዶ ሆድ የምውጠው ክኒን እንደሆነ ነገረኝ። በግልጽ ነገረኝ፤ በግልጽ ገባኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ።

“ምን አለህ?”

“በርበሬ ነው አለ” አልኳት።

ሐኪሙ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

አስካለ ያኔ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር። ሰው ለእሷ ቀይ ወጥ ሲል ከከተማው ሌላ ጫፍ ከፓርክዴል ድረስ በባቡር ይመጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አልጫ ብቻ ሆነ። ይህም አልበቃኝም። በልጃችን በማህሌት የልደት ግብዣ ላይ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት፣ ሳህኑን ገፍቼ፣ “ይቺ ሴት በበርበሬዋ ሆዴን አቃጥላ ልትገድለኝ ነው፤ እናንተም ተጠንቀቁ” አልኩ። ሳቃችሁ። አንዱማ፣ “ጋሼ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ይግቡ እንግዲህ” አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሳምንቱ አስካለ ሥራዋን ተወች። “የባሌን ሆድ አቁስዬ የሰውን ልጅ ምን ብዬ አበላለሁ?” አለች። ቢሮ ማጽዳት ገባች። እኔ ምን አልኩ? ዝም አልኩ። ክኒኑን ትቼ፣ የታዘዘልኝን መድኃኒት ወስጄ ስድን እንኳ፣ “አልጫው አዳነኝ” አልኩ። እሷም አመነችኝ።

ማህሌት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የጨጓራ ቁስል ላይ ምርምር ያዘች። ተማሪዎች ሥራቸውን ለቤተሰብ የሚያሳዩበት ቀን መጣና ሄድን። ልጄ በዚያ በእንግሊዝኛ በታጀበ አማርኛዋ አስረዳችን። እርድ ውስጥ ጨጓራን ከቁስል የሚጠብቅ ነገር አለ፤ ግን በውሃ አይሟሟም፤ አብዛኛው ሳይሠራ ያልፋል። ስለዚህ ከእርዱ ያወጡትን በዓይን በማይታይ ቅንጣት ይሸፍኑታል፤ ናኖ ይሉታል። ቅንጣቱ ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ይህን ለአይጦች አስቀድመው ይሰጡና ከዚያ ጨጓራቸውን ሊያቆስሉ ይሞክራሉ።

“በበርበሬ ነው የምታቆስሉት?” አለች አስካለ።

“ኖ፣ እማዬ። በርበሬ እኮ አልሰር፣ የጨጓራ ቁስል አያመጣም። ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ፔይንኪለር፣ የሕመም ማስታገሻ ነው የምንሰጣቸው። ሰው ላይም እንደዚያ ይሆናል።”

መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ጨጓራ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ቁስል ነበረበት። ልጄ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። “ገና አይጥ ላይ ነው፣ አባዬ። ቤት ገብተህ እርድ በማንኪያ እንዳትውጥ” አለችኝ። አስካለ ሰሌዳው ላይ የተለጠፉትን የጨጓራ ሥዕሎች ትታ እኔን ታየኝ ነበር።

ስንመለስ ስትሪትካር በሚሉት የጎዳና ባቡር ውስጥ ነገርኳት። ክኒኑን፣ ሐኪሙን፣ በር ላይ የዋሸኋትን። ሰፈራችን ሪጀንት ፓርክ ስንወርድ፣ “የማህሌት አባት፣ ይቅርታህን ለእኔ አታምጣ። መጀመሪያ በፊታቸው ያዋረድከኝ ሰዎች ይስሙ። ከዚያ እናያለን” አለችኝ። ትንሽ ሄዳ ዞር አለችና፣ “አልጫህን ግን ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ሥራ” አለች።

በማግሥቱ ዳንፎርዝ ሄዳ የምግብ ቤቷን ባለቤት አነጋገረች። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ወጡን የምትሠራው እሷ ናት። ልጄም ሥራዋን ቀጥላለች። አንድ ቀን ወገቡን እያመመው የሚሸከም ሰው ጨጓራው ሳይቆስል ይውል ይሆናል፤ ተስፋዬ ነው።

እኔ ግን ታምሜ ነበር ብዬ አላመካኝም። የታመመ ሰው ያቃስታል እንጂ በሚስቱ አያላክክም። የጾሙን ክብር ልጠብቅ ብዬ ነውም አልልም፤ የጠበቅሁት የራሴን ክብር ነው። ልጆቻችሁን እውነት ተናገሩ እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት ሰው ይሄ ነው።

እናንተን ይቅር በሉኝ እላለሁ። እሷን ገና አልጠየቅኋትም። ቅዳሜ ሂዱ፤ ወጧን ብሉና እጅሽ ይባረክ በሏት። ከዚያ በኋላ እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለችም አልከራከራትም።