የአቨሪል ብስኩት

ሙርዶክ ስትራካን በግ ሲሸልት እጁ ፈጣን፣ አጥር ሲያጥር መስመሩ የማይዛነፍ ሰው ነው። ኩሽና ውስጥ ግን የሻይ ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። ይህ ለግሌንታርቢ መንደር ወንዶች ነውር አይደለም፤ በእሱ ዕድሜ ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ኩሽናው የሚስቱ የአቨሪል ነበር። እሱ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ አመስግኖ ይወጣል። ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዲህ ኖሩና፣ በጋው ሊያልቅ ሲል አቨሪል ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ሁለት ፍጥረቶች ቤቱን ሸሹት። አንደኛው ሙርዶክ ራሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጎቹ ጋ ይውልና ለመኝታ ብቻ ይመለሳል። ሁለተኛው ሞስ ነው፤ አርጅቶ ከጥበቃ ጡረታ የወጣ የበግ ውሻ። አቨሪል ሳለች ከእግሯ ሥር የማይጠፋው ሞስ፣ ከዚያ ወዲህ አጥሩ ሥር ተጋድሞ መንገድ መንገዱን ማየት ሆነ ሥራው። ሙርዶክ ምግቡን እዚያው ይወስድለታል እንጂ ውሻው የኩሽናውን ደፍ አልረገጠም።

ሚያዝያ መጣና፣ በደቡቡ የምድር ክፍል እንደሚሆነው፣ ብርዱ ገባ። በአንዛክ ቀን፣ ለጦርነት ሙታን መታሰቢያ በሚከበረው በዓል፣ መንደሩ በሙሉ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ በጦርነት የቀሩት ልጆቹ ስም ከተቀረጸበት ድንጋይ ፊት ይቆማል። ስማቸው ይነበባል፣ ጡሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እጁን እያፋተገ አዳራሹ ይገባና በአጃና በኮኮናት ብስኩት ሻይ ይጠጣል። ከበሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ሳህን የአቨሪል ነበር። የእሷ ብስኩት ደረቅ ነው፤ ሲነከስ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ጎረቤቷ ኖሊን ታራንት ደግሞ የምትጋግረው ለስላሳውን ነው፤ በዚህ የተነሣ ሁለቱ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲዘላለፉ ኖረዋል። በየዓመቱ ኖሊን ከአቨሪል ሳህን አንድ ታነሣለች፣ ትነክሳለች፣ ሰው እየሰማት «አቨሪል፣ ዘንድሮ ጥርሴን ልትጨርሺው ነው» ትላለች። አቨሪልም ቀና ሳትል «ሻይ ውስጥ ንከሪው፤ ሻይ የተፈላው ለምን ይመስልሻል» ትላታለች። ይህ ካልተባለ ቀኑ የተከበረ አይመስልም ነበር።

የአዳራሹ ሰዎች ተሰብስበው፣ ለዘንድሮ የመጀመሪያውን ሳህን ከሱቅ ገዝተን እንሙላው ብለው ሲመክሩ ሙርዶክ ከኋላ ተቀምጧል። ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው ሰው ብድግ አለና፣ ሳህኑ እንደ ወትሮው ከእኛ ቤት ይመጣል አለ። ማን ሊጋግረው ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ለእሱ አፍሮ ወለል ወለሉን አየ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እሱም ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ሳህን የሱቅ ብስኩት ከተቀመጠበት፣ አቨሪል ያን ጊዜ ዳግም የምትሞት መስሎት ነበር።

አሠራሩ ምስጢር አይደለም፤ በአጃው ከረጢት ጀርባ ላይ ሰፍሯል። ሙርዶክ በበዓሉ ዋዜማ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች ቢያነበው እንቁላል የሚል አጣ። የአቨሪል ዶሮዎች ባለቤታቸው ሞተች ብለው መጣላቸውን አላቆሙም፤ እንቁላሉ ከሳህን ተርፎ ባልዲ ገብቷል። ረስተውት ነው ብሎ ደህና አድርጎ ሰበረበት። ከምድጃው የወጣው ነገር አብጦ፣ ተነፍቶ፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ኬክ ሆነ።

ኖሊን ለለቅሶው ያመጣችውን ድስት ልትወስድ ብቅ ያለችው በዚህ ሰዓት ነው። አንዱን አንሥታ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እንቁላል ጨምረሃል?»

«ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ ምን ላድርገው?»

«አንተ ሰውዬ! በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ቆመህ ‹ይሄ ብስኩት በመርከብ ባሕር አቋርጦ ወታደሩ ጋ ሳይበላሽ የሚደርሰው እንቁላል ስለሌለው ነው› እያልክ እንግዳ የምታደነቁረው አንተ አይደለህም?»

ነበር። ወሬውን ከአባቱ ሰምቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲደግመው፣ ከምድጃ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ኖሊን ከት ብላ ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ኩሽና ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። ኮቷን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ማንኪያውን ግን ለእሱ ሰጠችው። እኔ ከነካሁት የእኔ ይሆናል፣ አንተ ሥራ፣ እኔ ላውራ አለችው።

ቅቤውንና ወፍራሙን የሸንኮራ ሽሮፕ ድስት ውስጥ አቀለጠ። የመጋገሪያ ሶዳውን በፈላ ውኃ በጥብጠህ ጨምርበት አለችው፤ ጨመረ። ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ነፍስ እንደ ዘራ ተነሣ። ሽሽሽ እያለ ነጭ ሆነ፣ ከነጭ ወደ ወርቅ ተለወጠ፣ እያበጠ እስከ ድስቱ አፍ መጣ። ሙርዶክ ማንኪያውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጎርፍ ድልድይ ነቅሎ ሲወስድ አይቷል፣ ሞተ የተባለ ግልገል እጁ ላይ ሲተነፍስ አይቷል፤ ይህን ግን በገዛ ቤቱ አላየም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«አንድም ቀን አልጠራችኝም።»

«ብትጠራህስ ትመጣ ነበር?»

እሱ በር ላይ ጭቃውን ሲያራግፍ፣ ከግድግዳው ወዲህ ስንት ጊዜ ይህ ወርቅ ተነሥቶ ወርዷል! ቆጨው፤ ከቁጭቱ ይልቅ ግን መደነቁ በለጠ።

አጃውን፣ ኮኮናቱን፣ ዱቄቱንና ስኳሩን ለውሶ፣ እያድቦለቦለ ትሪው ላይ ደርድሮ ምድጃ ውስጥ ከተተው። መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድንጋይ ከሰል ምድጃ እሳቱ የዛሬው ከትናንቱ አይገጥምም፤ በሰዓት አይመራም። ኖሊን የምታውቀው የራሷን፣ ቶሎ የሚወጣውን ነው። አቨሪል መቼ እንደምታወጣ ሁለቱም አያውቁም። ቢፈጥኑ የኖሊን ብስኩት ይሆናል፣ ቢዘገዩ ይከስላል። ኮኮናቱ ደግሞ አልቋል፤ የመንደሩ ሱቅም ለዋዜማው ቀደም ብሎ ዘግቷል። ኖሊን ይውጣ አለች፣ ሙርዶክ ትንሽ ይቆይ አለ፤ በምን አውቀህ አለችው።

በዚህ መሐል በሩ ተገፋ። ሞስ ነበር። ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ያን የተወውን ደፍ ተሻግሮ ገባ። ሙርዶክንም ኖሊንንም አላያቸውም። የኋላ እግሩን እየጎተተ ምድጃው ፊት ሄዶ ተቀመጠና ዓይኑን መዝጊያው ላይ ተከለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» አለች ኖሊን።

ሙርዶክ ውሻው የተቀመጠበትን ወለል አየ። ቀለሙ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ፣ በውሻ መቀመጫ ልክ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ስንት ዓመት እዚያ ቢቀመጥ ነው! አቨሪል ሰዓት የማታየው ለካ ለዚህ ነው፤ ሽታው ሲደርስ ሞስ ምድጃው ፊት ይመጣል፣ ሞስ ሲመጣ ብስኩቱ ይወጣል።

«አሁን» አለና ከፈተው።

ብስኩቱ የደረቀ ቅጠል መልክ ይዟል። ሽታው የአቨሪል ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ኖሊን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ሙርዶክ ወንበር ሳበ። አንዱን ሰበረ፣ እፍ እፍ ብሎ አቀዘቀዘና ለሞስ ሰጠው። ውሻው በላና እዚያው ምድጃው ፊት ተጋደመ። ከምድጃ ሲወጣ የማንም ብስኩት ለስላሳ ነው፤ የማን መሆኑ የሚለየው አድሮ ነው።

በማግስቱ የሙታኑ ስም ተነብቦ፣ ጡሩምባው ተነፍቶ፣ ሰው አዳራሹ ገባ። ከመጀመሪያው ሳህን ለማንሣት የደፈረ አልነበረም። ኖሊን ሰውን ከፍላ መጣች፣ አንድ አነሣች፣ ነከሰች። ድምፁ እስከ ጓዳው ተሰማ።

«አቨሪል፣ ዘንድሮ ጥርሴን ልትጨርሺው ነው» አለች፤ ልማድ ሆኖባት አምልጧት ነው። ያለችውን ራሷ ስትሰማው ፊቷ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ሙርዶክ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ አቨሪል ትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሞ ሻይ ይቀዳል። ቀና አላለም።

«ሻይ ውስጥ ንከሪው» አለ፤ «ሻይ የተፈላው ለምን ይመስልሻል።»