መምህር አሥራተ ማርያም ያልላኳት ንግሥት

ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. መምህር አሥራተ ማርያም ጋዝጊብላ ባለው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ሲያርፉ፣ እዚያው የተዘረጋው ቼዝ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ተራው የእሳቸው ነው። ንግሥታቸውን ወደ ጥግ ቢገፏት የተጋጣሚያቸው የሀዲያ ንጉሥ መሸሻ የለውም።

ሀዲያ ሰቆጣ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት። ቼዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ሳምንት አሸነፈቻቸው፣ ከዚያ ወዲህም አላቆመችም። ጡረታ ወጥተው ጋዝጊብላ ሲገቡ እርምጃቸውን ለአይሱዙ ሹፌሩ ለጓንጉል በቃል እየነገሩ ይልኩላት ጀመር። በጦርነቱ የተቋረጠው ስልክ ከተመለሰ በኋላም በስልክ አልጫወትም አሉ። አይፈረድባቸውም፤ በስልክ ቢሸነፉ በማን ያሳብቡ?

"ፈረሴን መንገድ ላይ አዛባኸው!" ይሉታል።

"እኔ የጫንኩት ሽንኩርት ነው መምህር" ይላል ጓንጉል።

ሀዲያ በመጨረሻ ሰለቻትና፣ "አንድ ቀን እስኪያሸንፉኝ እጫወታለሁ፤ ከዚያ ግን በቃኝ፣ ሱቅ አለብኝ" ብላ ላከችባቸው። ይህን የሰማ ነጋዴ ሁሉ የዕድሜ ልክ ውል ነው ብሎ ሳቀ።

ግንቦት ላይ የዒድ ገበያ ሲያጣድፋት ንጉሥዋን አጋልጣ መለሰች። መምህር መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ። እንዲህ ያለ ነገር ለጓንጉል አፍ አይሰጥም። ግንቦት 19 ኮታቸውን ለብሰው ከጎኑ ተሳፈሩ።

"መምህር! እርምጃውን ራስዎ አመጡት?" አለች ሀዲያ ጨርቅ እየለካች።

"ጉድሽን ይዤ መጣሁ።"

"እሰይ! ካሸነፉኝማ ተገላገልኩ። ሰሌዳውን ዛሬውኑ ለእህቴ ልጆች እሰጠዋለሁ።"

መምህር ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ድል ምላሳቸው ላይ ነበር። ከተናገሩት ግን፣ ከነገ ጀምሮ የጓንጉል መኪና ሽንኩርት ብቻ ጭኖ በደጃቸው ያልፋል።

"ገና እያሰብኩ ነው" አሉ።

"ታዲያ ምን እግር ጣለዎት?"

"ጨርቅ ልገዛ።"

"እርስዎ? ጨርቅ?"

"ምነው፣ ለመምህር አይሸጥም? ሁለት ሜትር፣ ለትራስ።"

እውነትም ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ይህንኑ ከፋሲካ በፊት አዘዋቸው ነበር፤ መምህር ግን የተማረ ሰው ጨርቅ አይሸከምም ብለው ነው የቀሩት። ሀዲያ ቆርጣ ጠቀለለችላቸው። በመጡበት መኪና ተመልሰው፣ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ገቡና ለወይዘሮ ጸሐይነሽ አስረከቡ። ቀለሙ ያዘዙት አልነበረም፤ ግን ተቀበሏቸው።