ወንድሜ እጁን ያላነሳበት ግጥሚያ

ባለፈው ሰሞን ለጉልበቴ ፋሻ ልገዛ ፋርማሲ ገብቼ፣ ልጅቷ ጥቅሉን ስትፈታልኝ የአዲስ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ካርቱም ነበርኩ። ሶባ፣ በቆርቆሮ በታጠረው ግቢያችን፣ ወንድሜ ሁለቱን መዳፎቹን ዘርግቶልኝ።

እኔ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት እወጣና ሁለት አውቶብስ ቀይሬ ወንድሜ ጋ እመጣለሁ። እሱ ኦምዱርማን ገበያ የሰሊጥ ጆንያ ይሸከማል፣ አመሻሹ ላይ ቦክስ ይለማመዳል። ከባድ ሚዛን ነበር፤ ሱዳኖቹ "ጀበል" ይሉታል፣ ተራራው ማለታቸው ነው። ፋሻውን እጁ ላይ የምጠቀልልለት እኔ ነኝ።

"አታጥብቂ እቱ፣ በሬ አይደለሁም" ይለኛል።

"እሱን ለሚመዝኑህ ንገራቸው" እለዋለሁ።

የሚገጥመው ለአባታችን ነበር ብል አልዋሸሁም። ባሸነፈ ቁጥር ካሴት እንቀዳና ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው እንፈልጋለን። እሱ "መታሁት፣ ወደቀ" ብሎ ይጨርሳል፤ ያላየሁትን ሁሉ እየጨመርኩ የማስረዝመው እኔ ነኝ። አባታችን በመልሱ ካሴት፣ ከኋላው ዶሮ እየጮኸ፣ "ያቺን የግራዋን እስቲ ደግማችሁ ንገሩኝ" ይላል እየሳቀ።

ትልቁ ግጥሚያ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የግቢያችን ትልቅ ሴት ካፉሪ ድረስ መጡና ከአጥሩ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። አባቴ ሞቷል።

"ለሱ መርዶው ከግጥሚያው በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቆርጠዋል" አሉኝ እጄን ይዘው። "ላንቺ የነገርኩሽ ከሌላ ሰምተሽ ፊቱ እንዳትጮሂ ብዬ ነው። እንዳልሰማሽ ሁኚ፣ ልጄ።"

ሐሙስ ስመጣ ሳቅኩ፣ ቀለድኩ። ውስጤን እኔ ነኝ የማውቀው። እሱ ግን ልምምድ አልሄደም። አሰልጣኙ፣ ሸምገል ያለ ሱዳናዊ፣ በሩ ላይ ቆሞ "ያላ፣ ተነሣ እንጂ" ቢለው፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ "ነገ፣ ኢንሻአላህ" አለው። ነገም አልሄደም። የጆንያው ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

የግጥሚያው ቀን፣ ሴት አይገባምና፣ ከአዳራሹ ደጅ ሻይ ከምትሸጠዋ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ የሱን ቡጢ በሕዝቡ ጩኸት አውቀው ነበር። ያን ቀን የሰማሁት ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ጉርምርምታ ነው። ተሸነፈ ተባለ። ሰዉ እየተገፋፋ ወጣ።

"ግፍ ነው፣ ያኛው አንዴ እንኳ በወጉ አልነካውም" ይላል አንዱ።

"ጀበልስ መች መታ? እጁን ሳያነሳ ቆሞ ነው የዋለው" ይላል ሌላው። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

አሰልጣኙ ሸሚዙ በላብ ርሶ መጣና "አቤቱታ እናስገባለን፤ እሱ ብቻ ይፈርም" አለኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከሱብሂ ሶላት እንደተመለሱ ወደ ቤታችን ገቡ። ወንድሜ ለብሶ ተቀምጧል። ገና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና ራሴን ደረቱ ላይ አስጠጋው። ሽማግሌው "አባታችሁ…" ብለው ሲጀምሩ በዚያ ሰፊ መዳፉ ጆሮዬን ሸፈነልኝ።

"አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" አለኝ።

ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ሰምቷል። የዘጠኙን ቀን እንባ እዚያው ደረቱ ላይ ለቀቅኩት።

በኋላ ማን እንደነገረው ጠየቅሁት።

"ማንም" አለኝ። "ሰላም ሲሉኝ 'አባትህ ደኅና ናቸው?' ማለቱን ተዉት። ሁሉም በአንድ ቀን ተዉት።"

"ታዲያ ለምን ገጠምክ?"

"ብቀር ለምን ቀረህ ትዪኝ ነበራ።"

አሰልጣኙ ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ ፋቲሃ አንብቦ ሲያበቃ የአቤቱታውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። "ወላሂ፣ አሸንፈሃል" አለው።

ወንድሜ እስክሪብቶውን አልነካም። "አሸንፌም ይሆናል፣ ሃጂ" አለው። "ለማን ልናገረው?"

ከዚያ ወዲህ ቦክስ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም። ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ተገናኝተው ማን እንዳሸነፈ ሲከራከሩ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። አንዲት ነገር ብቻ ናት የሚኮራባት።

"ይህችን እህቴን" ይላል፣ ትከሻዬን ይዞ፣ "ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም ሳላሰማት ነው ያኖርኳት።"

እኔም "እውነቱን ነው፣ ምንም አልሰማሁም" እላለሁ።